ያልተንኳኳው ግድግዳ

ይህ ታሪክ የሚጀምረው በአንዲት አሮጌ ፒክአፕ ሞተር ነው። መኪና የማይወድ ሰው ገና ከአሁኑ አይሽሽ፤ የሚያልቀው ሌላ ቦታ ነው። ማቆላመጥ አልችልበትም፣ እናቴም «ምላስሽ መቀስ ነው» ትለኛለች። ስለዚህ እንደሆነው አድርጌ ልንገራችሁ።

ያኔ ሊሴ፣ ሁለተኛ ደረጃውን፣ ከጨረስኩ ብዙም አልቆየሁም ነበር። ሱቅ ተቀጠርኩ፣ ከባለቤቱ ተጣላሁ። ምግብ ቤት ገባሁ፣ «ማድሞዜል፣ ፈገግ በይ እንጂ» ካለኝ ደንበኛ ጋር ተጣላሁ። አባዬ ያን ሰሞን ሲያየኝ ከረመና «ከሰው ጋር ካልሆነልሽ ከብረት ጋር ይሆንልሽ እንደሁ እንይ» ብሎ ወደ ፒክአፗ ወሰደኝ። ሆነልኝ። ብረት አይቀየምም።

ሥራችን ከጅቡቲ ማዕከላዊ ገበያ አትክልት ጭነን ባልባላና ሃያብለ ሠፈር ላሉ ሱቆች ማድረስ ነበር። መጀመሪያ አባዬ እየነዳ እኔ አወርድ ነበር፤ ጉልበቱን ሲያመው እኔ እየነዳሁ እሱ ከባለሱቆቹ ጋር የሚጨቃጨቅ ሆነ። ሲበላሽ አብረን እንፈታለን፣ አብረን እንገጥማለን። እጄ ከሱ እጅ ስለሚቀጥን ጠባብ ቦታ ሁሉ የኔ ነበር።

ቤታችን ካርቲዬ 2 የሚባል ሠፈር ነው፤ አያቶቼ በባቡሩ ዘመን መጥተው የሠሯት፣ ከእንጨትና ከቆርቆሮ የቆመች ቤት። ከጎረቤታችን ከሮብሌ የሚለየን አንድ የቆርቆሮ ግድግዳ ብቻ ነው። እኔ «አዴር» ነበር የምለው፣ በሶማሊኛ አጎቴ ማለት ነው። ልጅነቱን ድሬዳዋ አሳልፎ ስለነበር አማርኛው የድሬ ነው፤ «አቦ» ሳይል አንድ ነገር ተናግሮ አይጨርስም፣ «አንቱ» ካልኩት ደግሞ «ምን አደረግኩሽ?» ብሎ ይቆጣል።

አዴር ሮብሌ በራፉ ላይ በጀሪካን ናፍጣ ይሸጥ ነበር። ሲቀዳ በማንቆርቆሪያው አፍ ላይ ነጭ ጨርቅ ዘርግቶ፣ ገዢው ዓይኑ እያየ አጥልሎ ነው። «ሰው የሚበላውን ራሱ ያጥባል፣ ሞተር እጅ የለውም፤ እኔ አጥብለታለሁ» ይላል። ጨርቁ በቆሸሸ ቁጥር ሚስቱ፣ ኢዶ ወይም አክስቴ የምላት ሀዋ፣ አጥባ በእኛ ገመድ ላይ ታሰጣዋለች። አባዬ ከእሱ ሌላ ከማንም ነዳጅ ገዝቶ አያውቅም።

አዴር ሮብሌ አስም ነበረበት። አየሩ ሲከብድ ወይም ካምሲን፣ ያ የበረሃ ነፋስ፣ አቧራውን ይዞ ሲነሳ ደረቱ ይዘጋል። ያን ጊዜ ቆርቆሮውን በከዘራው ይመታል። ዱም፣ ዱም። ሌላ ቃል የለም። አባዬ ጫማውን ሳይፈልግ ብድግ ይላል፣ መኪናዋን ያስነሳል፣ ሆስፒታል ያደርሰዋል። በማግስቱ ሁለቱም ምንም እንዳልሆነ ቁጭ ብለው ይሳሳቃሉ። ልጅ ሆኜ ሰው ሁሉ ግድግዳውን ሲመታ መኪና የሚመጣለት ይመስለኝ ነበር።

ፒክአፗ መንቀጥቀጥ የጀመረችው ክረምቱ፣ የእኛ አገር የቃጠሎ ወቅት፣ ሳይገባ ነው። ስትሄድ ደህና ናት፤ ቆማ በሚኒሞ ስትሠራ ግን ወባ እንደያዘው ሰው ትርገፈገፋለች። መጀመሪያ ትንሽ ነበር። ከዚያ ባሰባት። ነጭ ጭስ ጀመረች። ጠዋት ለማስነሳት ጸሎት የሚያስፈልጋት ሆነች።

አንድ ረቡዕ ቲማቲም ጭኜ ወደ ሃያብለ ስወጣ፣ ዳገቱ መሐል ለፍየሎች ብዬ ብቆም ሞተሯ ጠፋብኝ። ከኋላዬ ከወደብ ጭኖ ወደ አገር ቤት የሚሄድ ካሚዮን ፍሬኑ እየጮኸ መጥቶ፣ አፍንጫው ቲማቲሜን ሊነካ ሲል ቆመ። ሹፌሩ አንገቱን አወጣ።

«እህት! አሮጊቷን ጡረታ አውጫት እንጂ!»

«አንተን ካወጡህ በኋላ!»

«እኔማ በወጣሁ! ደመወዙ ነው እንጂ ችግሩ!»

ሳቀ፣ እኔም ሳቅኩ። ወርዶ አስገፋልኝና በግድ ተነሳች። ቲማቲሙን አውርጄ እየጠፋችብኝ እያስነሳኋት ቤት ደረስኩ። ለአባዬ ስነግረው ስለ ሞተሩ አልጠየቀም። «ካሚዮኑ ምን ያህል ቀርቦ ነበር?» አለ። በእጄ አሳየሁት። ፊቱ ጠቆረ።

የሠፈራችን መካኒክ ኮፈኑን ሳይከፍት «የናፍጣ ፖምፓው ሞቷል፣ ሌላ ፈልጉ» ብሎ ሄደ። አላመንኩትም። ሳይነካ የሚያውቅ ሐኪም አልወድም።

ሞተሩን አስነስቼ ናፍጣ ወደ ሞተሩ የሚረጩትን የአራቱን ኖዝሎች ቱቦ በየተራ ላላ ማድረግ ጀመርኩ። ነገሩ ቀላል ነው፦ አንዱ ኖዝል ከታመመ ቱቦውን ስታላሉት ሞተሩ ምንም አይለወጥም፣ ድሮም አይሠራምና። ጤነኛውን ስታላሉ ግን ይብስበታል። የመጀመሪያውን አላላሁ፣ ባሰበት። ሁለተኛውን፣ ባሰበት። አራቱም አንድ ሆኑ።

«እህስ ዶክተር!» አለኝ አዴር ሮብሌ ከበራፉ። «ትድናለች ወይስ ዱዓ እናድርግ?»

«አራቱም እኩል ታመዋል አዴር።»

«አራት ልጅ እኩል ከታመመ አቦ፣ ድስቱን ነው ማየት።»

እኔም ያሰብኩት ያንኑ ነበር። በሽታው አራቱም ከሚጠጡት ነው። የናፍጣ ፊልትሮውን የታች ቡሎን ፈትቼ በላስቲክ የውሃ ጠርሙስ ቀዳሁና ጥላ ሥር አስቀመጥኩት። እጄን ታጥቤ ስመለስ ጠርሙሱ ለሁለት ተከፍሎ ነበር። ከላይ ቢጫው ናፍጣ፣ ከታች ንጹሕ ውሃ። ከውሃው ሥር ደግሞ ግራጫ ደለል ተኝቷል።

«አባዬ፣ ነዳጁ ውሃ አለው!» ብዬ ጮህኩ። ደስ ብሎኝ ነበር። በሽታ ያገኘ ሰው ደስ ይለዋል፣ ከዚያ በኋላ የሚመጣውን አያውቅምና።

አባዬ ጠርሙሱን ወደ ፀሐይ አንስቶ አየው።

«እኔ ናፍጣ የምገዛው ከአንድ ሰው ነው» አለ ቀስ ብሎ።

«ቆይ አባዬ፣ መጀመሪያ የሱን ጀሪካን…»

ወጥቶ ሄዷል።

ሰዓቱ የጫት ሰዓት ነበር። በአዴር ሮብሌ በራፍ፣ ጥላው ሥር ምንጣፍ ተነጥፎ፣ የሠፈሩ ወንዶች በርጫ ላይ ነበሩ። አባዬም የዘወትር ቦታ ነበረው፤ ትራሱ እንኳ ተቀምጦ ይጠብቀዋል። አልተቀመጠም። ጠርሙሱን መሐላቸው፣ ፔርሙሱና ጫቱ አጠገብ አቆመው።

«ሮብሌ፣ ይሄ ምንድን ነው?»

አዴር አንስቶ ነቀነቀው። «ናፍጣ ነው አቦ። ከሥሩ ውሃ።»

«ከማን ነው የገዛሁት?»

ማኘኩ ቆመ። አንዱ ሊያበርደው ብሎ «ሮብሌ፣ ሻይ መሸጥ ጀመርክ እንዴ?» ቢል ሳቅ ሆነ። ያ ሳቅ ነው ነገሩን የገደለው። አዴር ሮብሌ አልሳቀም።

«ታደሰ፣ ቤት ገብተን እንነጋገር» አለው አባዬን።

«ልጄ መንገድ መሐል ቆመች!» አባዬ ይጮህ ጀመር። «ከኋላዋ ካሚዮን ነበር! ስንት ዘመን አምኜህ፣ ውሃ ሸጥክልኝ?»

አዴር ተነሳ። ለመነሳት ከዘራውን ተደግፎ ጊዜ ወሰደበት፤ ማንም አልረዳውም፣ ሁሉም ደንግጦ ነበር። እጁን ደረቱ ላይ አደረገ።

«ከእጄ ውሃ ወጥቶ ካንተ መኪና ገብቶ ከሆነ፣ አላህ ይህንን ደረት ይዝጋው።»

«መሐላ ናፍጣ አያጠራም» አለ አባዬ።

እኔ እዚያ ቆሜ ነበር። አባቴን ከዚያ በፊት ሰው ሲያዋርድ አይቼው አላውቅም። 

«እንግዲያው በቃ» አለ አዴር ሮብሌ። «የኔ ናፍጣ ካንተ መኪና አይገባም። የኔም ከዘራ ካንተ ግድግዳ አይደርስም።»

ማታ እራት የበላ የለም። እማዬ ሳህኑን እንደቀረበ አነሳችው። አንድም ቃል አልወጣትም። እሷ ደግሞ በደህናው ቀን ዝም የምትል ሴት አይደለችም። ልብ ማለት ነበረብኝ፤ አላልኩም።

ሐሙስ ጠዋት፣ አባዬ ገበያ ለሱቆቹ ሌላ መኪና ሊለምን ሲወጣ፣ እኔ ወደ አዴር ሮብሌ ሄድኩ። በራፉ ላይ ብቻውን ተቀምጦ ነበር። ነፋስ የለም፣ አየሩ እንደ እርጥብ ብርድ ልብስ ነው። ደረቱ ውስጥ የሚያፏጭ ነገር ይሰማኛል።

«አባትሽ ላከሽ?»

«ማንም አልላከኝም። ናፍጣህን ልፈትሽ ነው የመጣሁት።»

«ዱዋን ሆነሻል በይኛ፣ ጉምሩክ!» አለ፤ ሊስቅ ሞክሮ ሳል ሆነበት። «ፈትሺ አቦ። የቱን ትፈልጊያለሽ? ሁሉንም ፈትሺ።»

አንዱን ጀሪካን ከፍቼ ከላዩ ልቀዳ ስል ከዘራውን እጄ ላይ አሳረፈ።

«ከላይ አይደለም። ውሃ ከሥር ነው የሚተኛው። በቱቦ ከሥሩ ሳቢ።»

እዚያው ላይ አወቅኩ። ውሃ የሸጠ ሰው «ከሥሩ ሳቢ» አይልም። ግን መካኒክ ነኝና በሌላ ጠርሙስ ከሥሩ ስቤ ጥላ ሥር አስቀመጥኩት፣ ጠበቅኩት። ከላይ እስከ ታች አንድ ቢጫ። ጠብታ ውሃ የለም፣ ደለል የለም።

ታዲያ ውሃው ከየት መጣ? የነዳጅ ታንኩ ክዳን በቁልፍ ነው የሚከፈተው። ቁልፉ እኛ ቤት፣ ወጥ ቤቱ ደጃፍ ምስማር ላይ ይንጠለጠላል። ቁልፉን አንስቼ ሄጄ ክዳኑን ከፈትኩ። የታንኩ አንገት ውስጥ ግራጫ ነገር ተለጥፏል። በጣቴ ጠርጌ አሸሁት። ዝገት ቀይ ነው፣ ይሻክራል። ይሄ እንደ ዱቄት የላመ ነው። አመድ።

ቆሜ ቀረሁ። ያንን አመድ አውቀዋለሁ። ከልጅነቴ ጀምሮ ግንባሬ ላይ ሲቀባ የኖረ ነው። እምነት ነው።

ቤት ገባሁ። ከእማዬ አልጋ ራስጌ፣ ከድሬዳዋ በሰው የሚላክላት የጸበል ጀሪካን አለ። አነሳሁት። ባዶ ሊሆን ትንሽ ቀርቶታል።

«እማዬ። መኪናዋ ውስጥ ምን ጨመርሽ?»

ሽንኩርት እየላጠች ነበር። ቢላውን አስቀመጠች፤ ቀና አላለችም።

«ስትንቀጠቀጥ አየኋት» አለች። «ሰው ሲንቀጠቀጥ ምን ይደረጋል? ይጠመቃል። ያቺ መኪና ዓይን ገብቷት ነበር። ሰው ሁሉ ‹ሴት ልጁ ትነዳለች፣ ሴት ልጁ ትጠግናለች› ሲል አልሰማሽም? መጀመሪያ ከላይዋ ረጨኋት። አልተዋትም። ነገሩ ከውስጥ ነው ብዬ…»

«በነዳጅ ታንኩ?»

«አፏ እሱ አይደለም?»

«ስንት ጊዜ እማዬ?»

«እሑድ እሑድ፣ ከቅዳሴ ስመለስ። ሲብስባት ጊዜ ደግሞ ጨመር አደረግኩ። እምነት በጥብጬ።»

በተንቀጠቀጠች ቁጥር ትጨምራለች፤ በጨመረች ቁጥር ትንቀጠቀጣለች። ለእኔ ነው። ካሚዮን እንዳይበላኝ ብላ ነው። ልጮህባት አፌን ከፈትኩ። ፊቷን ሳየው ተዘጋ። ትላንት አባዬ ጠርሙሱን ይዞ ሲወጣ ከዚሁ መስኮት አይታው ነበር፣ ገብቷት ነበር።

«ለአባትሽ አትንገሪው» አለችኝ። «ትንሽ ይብረድለት። እኔው ራሴ፣ ቀስ ብዬ…»

«አሁን ነው የምነግረው።»

«ልጄ፣ ነገ።»

«አሁን!»

አባዬ ሲመለስ ገና ከደጃፍ ነገርኩት። ሁለቱን ጠርሙሶች ጎን ለጎን አቆምኩለት፣ አመዱን መዳፉ ላይ አደረግኩለት። አሮጌ ጎማ ላይ ተቀመጠ። ይጮኻል ብዬ ጠብቄ ነበር። «ጸበል?» ብቻ አለ። ከዚያ ወደ ወጥ ቤቱ በር ተመለከተ። እማዬ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ቆማለች። 

«ተነስ በቃ» አልኩት። «ግድግዳ ማዶ ነው። ሂድና ተሳሳትኩ በለው።»

«ባዶ እጄን?»

«ምን ችግር አለው?»

«አንቺ አይገባሽም። በበርጫ፣ በሰው ፊት ነው ያዋረድኩት። በጓዳ ገብቼ በጆሮው ይቅርታ ብለው ስድቡ ውጭ ይቀራል። እነዚያው ሰዎች ሲቀመጡ ነው፣ የመጀመሪያውን የጫት እስር እፊቱ አስቀምጬ፣ እግሩ ላይ ወድቄ ነው።»

እውነቱን ነበር። እዚህ አገር በርጫ ላይ የተሰበረ ነገር በርጫ ላይ ነው የሚጠገነው፤ ባዶ እጁን የሄደ ይቅርታውን አላከበረውም ይባላል። አባዬ ንጹሕ ሸሚዝ ለበሰ። የቀኑ ጫት ከአገር ቤት እንደገባ ምርጡን ሊይዝ ወደ ማዕከላዊ ገበያ ሄደ። የዚያን ቀን ጫቱ ዘገየ።

እኔም መኪናዋ ሥር ገባሁ። ታንኩን አውርጄ አጠብኩ፣ ፊልትሮ ቀየርኩ። ቱቦዎቹን ስመልስ ከታንኩ በምትመጣው ቀጭን ጎማ ላይ ስንጥቅ አገኘሁ፤ አየር ትስብ ኖሯል። የመጀመሪያው፣ ከጸበሉ በፊት የነበረው መንቀጥቀጥ የእሷ ነበር። የጣት ቁራጭ የምታህል ጎማ። ቆርጬ አዲስ ገጠምኩ፣ ንጹሕ ናፍጣ ጨመርኩ፣ አየሩን በእጅ ፖምፓው ገፍቼ አስወጣሁ።

ጅቡቲን የሚያውቅ ያን ሰዓት ያውቀዋል። ጫት ሳይገባ በፊት ከተማው ትንፋሹን ይይዛል። መንገዱ ጭር ይላል፣ ታክሲ የለም፣ ሹፌሩ ሁሉ ገበያ ተሰልፏል። ድምፅ የሚያሰማ የኔ ካቻቢቴ ብቻ ነበር።

ቁልፉን አዞርኩ። በአንዴ ተነሳች። ሚኒሞዋ እንደ ተኛ ሕፃን ትንፋሽ እኩል ነው። አላጠፋኋትም። ጋቢና ውስጥ ቁጭ ብዬ፣ ጀርባዬን ለቆርቆሮው ግድግዳ ሰጥቼ፣ ዓይኔን ጨፍኜ አዳመጥኳት። ኮራሁ። ብዙ ቆየሁ መሰለኝ።

ኢዶ ሀዋ ስትጮህ የሰማሁት ሞተሩ እየሠራ ነው።

ሮጥኩ። አዴር ሮብሌ አልጋው ላይ፣ ግድግዳው አጠገብ፣ ትራስ ተደግፎ እንደተቀመጠ ነበር። ከንፈሩ ሰማያዊ ሆኗል። ከዘራው እዚያው እጁ አጠገብ ቆርቆሮውን ተደግፎ ቆሟል። «አዴር! መኪናዋ ተነስታለች፣ ተነስ!» አልኩት። እጁን ስይዘው ተንሸራተተ። ጎረቤት መጥቶ ዓይኑን እስኪከድን ድረስ «ተነስታለች፣ ተነስታለች» እያልኩ ነበር አሉኝ።

አባዬ ከገበያ ሲመለስ ጫቱን በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልሎ፣ እንደ ሕፃን ታቅፎት ነበር። ከመንገዱ ጥግ ላይ ልቅሶውን ሰማ። ወደኔ አየ። ራሴን ነቀነቅኩ። እስሩን እዚያው የሮብሌ በራፍ ላይ፣ ባዶው ምንጣፍ ላይ አስቀመጠውና ቁጭ አለ። ማንም አልነካውም። ፀሐይ መታው፣ ደረቀ።

የሙስሊም ሬሳ አይቆይም። ከአሥር ሰዓቱ ሰላት በኋላ ሊቀብሩት ተነሱ፤ መኪና ተፈለገ። አባዬ «የኔ አለ» አለ። ቃሬዛውን ፒክአፗ ላይ አድርገው ወንዶቹ ከኋላ ተከተሉ። አባዬ ራሱ ነዳ። ቃሬዛው እስኪታሰር ድረስ ከደጃፉ በሚኒሞ ቆማ ስትጠብቅ አየኋት። አንዴ እንኳ አልተንቀጠቀጠችም።

ሴቶች መቃብር አይሄዱምና እኔና እማዬ ከኢዶ ሀዋ ጋር ቤት ቀረን። ቤቱ ሞላ። ከኋላዬ ሁለት ሴቶች በሶማሊኛ ሲንሾካሾኩ ሰማሁ።

«ትላንት ምሎ ነበር አሉ። ደረቴን ይዝጋው ብሎ።»

«ዘጋው አይደል እንዴ?»

«መሐላ አይለቅም።»

እማዬ ሶማሊኛዋ የገበያ ነው፤ ይህን ግን ሰማች። ዘወር ብላ አየችኝ። ያን ዓይኗን አልረሳውም። ሰውየው መሞቱ አልበቃ ብሎ፣ ሌባ ሆኖ ሊቀበር ነው።

ተነሳች። ወደ ቤት ሄዳ ጀሪካኗን ይዛ ተመለሰች። በዚያ ሁሉ ሴት መሐል አልፋ ኢዶ ሀዋ እግር ሥር ተንበረከከች።

«ተርጉሚልኝ» አለችኝ። «እንዳለ። አንድ ቃል እንዳታሳምሪ።»

ተረጎምኩ። ውሃውን የጨመረችው እሷ መሆኗን፣ ከቅዳሴ ስትመለስ እሑድ እሑድ እንደጨመረች፣ ለልጇ ፈርታ እንደሆነ፣ ሮብሌ በንጹሕ እንደማለ። «ትላንት መስኮት ላይ ቆሜ ሳይ ገብቶኝ ነበር። አፍሬ ዝም አልኩ» አለች። እሱንም ተረጎምኩ። ምላሴ መቀስ ነው ይሉ የለ? እንደዚያን ቀን ቆርጦኝ አያውቅም። 

ኢዶ ሀዋ ጀሪካኗን አየች። ከዚያ ለእማዬ ሳይሆን ለእኔ ተናገረች።

«ሞተሩን ሰምቶታል» አለችኝ። «ትንፋሹ ሊያልቅ ደርሶ ነበር። ‹ተሠራች፣ ልጅቷ አገኘችው› አለ። ‹እንግዲያው ግድግዳውን ልምታ?› አልኩት። ከዘራውን እኔው ላነሳ ነበር። እጄን ያዘኝ። ‹ተይው። ካገኘችው ታደሰ አውቋል ማለት ነው። ራሱ ይመጣል› አለኝ። እየጠበቀው ነበር።»

እማዬ «ምን አለች?» አለችኝ።

ተረጎምኩላት። አንድ ቃል አላሳመርኩም።

አባዬ ከመቃብር ሲመለስ ለእሱም ነገርኩት። አትንገሪው ያለኝ ሰው ነበር፤ እኔ ግን ያን ቀን የደበቁትና ያቆዩት ነገር ምን እንደሚያደርግ አይቼ ነበር። አባዬ መኪናዋን አላጠፋትም። ጋቢና ውስጥ ተቀምጦ፣ ግንባሩን መሪው ላይ ደፍቶ፣ ነዳጇ እስኪያልቅ ድረስ እንደዚያው ሆነ። ከዚያ ወዲህ በርጫ ተቀምጦ አያውቅም። ከእማዬ ጋር አልተጣላም፣ አልታረቀም፤ ስለዚያ ነገር አንድም ቀን አላነሱም። እሷ ጸበል መጠጣት አልተወችም፤ የመኪናዋን ቁልፍ ግን ከምስማሩ ላይ አትነካም፣ አቧራ እንኳ አትጠርግበትም።

እኔስ? ሰዎች «ደህና መካኒክ ወጣሽ» ይሉኛል። ወጣሁ። አሁን ግን በሽታ ሳገኝ አልጮህም። ውሃ መኖሩን ማወቅ ቀላል ነው፣ ጠርሙስና ትንሽ ጥላ ይበቃዋል። ከየት እንደመጣ ማወቅ ሌላ ሥራ ነው፤ ያ ሥራ ሳያልቅ ሰው ጠርሙሱን ከእጄ እንዳይወስደው አጥብቄ እይዛለሁ።

አንባቢዎቼ፣ ምክር መስጠት አልወድም፣ ማንም ሲመክረኝም አልሰማም። አንድ ነገር ግን ልበላችሁ። የበደላችሁት ሰው ካለ፣ ይቅርታችሁ እንዲያምር ብላችሁ ሽማግሌ የምትጠብቁ፣ በዓል የምትጠብቁ፣ እጅ መንሻ የምትጠብቁ ካላችሁ፣ ተነሱና ባዶ እጃችሁን ሂዱ። ያ ሰው ከግድግዳው ማዶ ሆኖ እየጠበቃችሁ ይሆናል።

ባለፈው ሰሞን፣ ካምሲን በተነሳ ቀን፣ ምሳ ላይ ነበርን። ከሮብሌ ሞት ወዲህ ያ ቆርቆሮ ድምፅ አሰምቶ አያውቅም። ዱም፣ ዱም አለ። ሦስታችንም እጃችን ሳህኑ ላይ ቀረ። ኢዶ ሀዋ ናት፤ ደም ግፊቷ ተነስቶ ኖሯል። አባዬ ጫማውን አልፈለገም። እኔ ቁልፉን አንስቼ ስደርስ በባዶ እግሩ፣ የሚፈጀው መሬት ላይ ቆሞ፣ የመኪናዋን በር ከፍቶ ይዞ ይጠብቃታል።